የጎንደሩ ማሲንቆዬ፤ ከአራት ዓመት የሙዚቃ ትምህርት በኋላ

ሁለት ማሲንቆ አለኝ። አንዱ ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ሌላው ከእኔ ጋር አልጋ ላይ ያድራል። ይህ ጽሑፍ ስለ ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያውን ግን ሳላማው አላልፍም።

ለመጻፍ የተነሳሁት በጎረቤታችን ልጅ ምክንያት ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናውን እንደጨረሰ እናቱን አስከትሎ ቤታችን መጣ። «እታለም፣ ሙዚቃ ልማር ወስኛለሁ። ምን ዓይነት ማሲንቆ ልግዛ?» አለኝ። እናቱ ከኋላው ቆማ በዓይኗ ትለምነኛለች። «ተው በይልኝ» ማለቷ ነው። ቡና አጠጥቼ፣ «እስኪ እናያለን» ብዬ ሸኘኋቸው። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ለእኔ ያኔ ምን ዓይነት ማሲንቆ እንደምገዛ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

እናቱን እረዳታለሁ። ጎንደር ላይ ልጅ ሲወለድ ሐኪም ነው የሚባለው። ከ1947 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ገና የጤና ኮሌጅ ከነበረበት ጊዜ አንስቶ፣ ይህች ከተማ የጤና ባለሙያ ስታስመርቅ ኖራለች። ነጭ ጋዋን የለበሰ ልጅ በማራኪ ሰፈር መንገድ ሲያልፍ ያየች እናት ማሲንቆ የያዘ ልጅ እንዴት ይታያት? የእኔዋ እናት ሦስት ቀን አላናገረችኝም። በአራተኛው ቀን፣ «ሰርግ ቤት ቆመሽ ሰው ግንባርሽ ላይ ብር ሲለጥፍብሽ ነው የማይሽ?» አለችኝ። አሁን ራሷ ናት ለእንግዳ «ልጄ ተጫወችላቸው» የምትለው። ያውም ወጥ እያማሰልኩ።

ወደ ዕቃው ልመለስ።

የመጀመሪያውን ማሲንቆ የገዛሁት ከፋሲል ግቢ ብዙም ሳይርቅ ካለ የስጦታ ዕቃ መሸጫ ነው። የሱቁን ስም አልጠራም፤ ሰውየው አልዋሸኝም። እሱ ለቱሪስት ነው የሚሸጠው። ተወልጄ ባደግኩበት ከተማ ቱሪስት ሆኜ የገባሁት እኔ ነኝ። ማሲንቆው ሲያዩት ያምራል። ሳጥኑ ላይ በጋለ ብረት ግንቡ ተስሎበታል። ቫርኒሹ ፊት ያሳያል። አንገቱ ላይ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ጥብጣብ ታስሯል። 900 ብር ከፍዬ እንደ ሕፃን አቅፌው ወጣሁ። ክሩ የፈረስ ጭራ እንዳልሆነ እንኳ አላየሁም። ናይለን ነበር። ዓሣ ማጥመጃ ላይ የሚታሰረው ዓይነት።

የዩኒቨርሲቲው ሙዚቃ ትምህርት ክፍል የመግቢያ ፈተና ነሐሴ ላይ ነበር። ዝናቡ ከሌሊት ጀምሮ አላባራም። ሦስት አስተማሪዎች ከጠረጴዛ ጀርባ ተቀምጠዋል። አንደኛዋ ፒያኖ ላይ አንድ ድምፅ ነካች። «በድምፅሽ መልሺልኝ» አለች። መለስኩ። ቀጥላ ሦስት፣ ቀጥላ አምስት። ሌላው በእጁ ጠረጴዛውን እየመታ ምት ሰጠኝ፤ በጭብጨባ መለስኩለት። እስከዚህ ድረስ ደህና ነኝ። «በይ እስኪ ማሲንቆሽን» ተባልኩ።

መቃኛውን አጠበቅኩት። እጄን ሳነሳ ተመልሶ ዞረ። እንደገና አጠበቅኩት። እንደገና ዞረ። በሦስተኛው በግራ እጄ እንደያዝኩት ደጋኑን ሳብኩ። የወጣው ድምፅ ዘይት የጠማው በር ነው። ቆዳው በዝናቡ እርጥበት ላልቶ እንደ ተኛ ሊጥ ሆኗል። ትዝታ ልጫወት ነበር የመጣሁት። ትዝታው ቀርቶ ላብ ጀመረኝ።

ሦስተኛው፣ እስከዚያ ድረስ ያልተናገሩት ሽማግሌ አስተማሪ፣ ተነስተው ማሲንቆውን ተቀበሉኝ። ገለበጡት። ቆዳውን በጣታቸው ጫፍ ኳ ኳ አደረጉት። «ልጄ፣ ይኼ የግድግዳ ነው» አሉኝ። ስድብ አልነበረም፤ መረጃ ነው የሰጡኝ። ከዚያ ከጓዳ የራሳቸውን አመጡልኝ። ጥቁር፣ ጠርዙ የተላጠ፣ አንድ ጎኑ የተጠገነ። ደጋኑን ገና ሳስነካው ክፍሉ ሞላ። ያን ቀን በእሳቸው ማሲንቆ ነው ያለፍኩት። የእኔው ከጥብጣቡ ጋር ግድግዳ ላይ ወጣ። እስከ ዛሬም እዚያው ነው።

ትምህርቱ እስኪጀመር አንድ ወር ቀርቶኝ ነበር። ሠሪ ፍለጋ ተነሳሁ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀውን ልንገራችሁ። ጎንደር ውስጥ ጥሩ ማሲንቆ የት እንደሚሠራ ለማወቅ ሱቅ አትጠይቁ፤ አዝማሪ ጠይቁ። ከጎንደር አቅራቢያ ቡርቧክስ የሚባል የአዝማሪዎች መንደር አለ። ከዚያ የመጣ አንድ አዝማሪ ፒያሳ አካባቢ ማታ ማታ ይጫወታል። ታላቅ ወንድሜን አስከትዬ ሄድኩ። ጉዳዬን ስነግረው ሳቀ። ቀጥሎ ግን በደንብ መራኝ። ከቅዳሜ ገበያ ወረድ ብሎ፣ ምልክት የሌለው በር፣ ደጁ ላይ ቆዳ የተወጠረበት።

ሠሪው ስልሳዎቹን ያለፉ ሰው ናቸው። ስማቸውን አልጽፍም፤ ሰው በር ላይ እንዲሰለፍባቸው አይፈልጉም። መጀመሪያ የጠየቁኝ ገንዘብ አልነበረም። «እጅሽን ዘርጊ» አሉኝ። ከትከሻዬ እስከ መዳፌ በስንዝር ለኩ። «አጭር ነሽ። ለአንቺ የወንድምሽን ልክ ብሠራልሽ ታዝኚብኛለሽ» አሉ። የስጦታ ሱቁ ማሲንቆ ለማንም ልክ አልነበረም። ለካ ይኼም እንደ ቀሚስ በልክ ይሠራል።

«ለምንድን ነው የፈለግሽው?»

«ዩኒቨርሲቲ ልማርበት ነው፣ ጋሼ።»

«ዩኒቨርሲቲ?» ብለው ልጃቸውን ጠሩ። «ና ስማ፤ ማሲንቆ ዩኒቨርሲቲ ገባ!»

ሦስት ሳምንት ጠብቂ አሉኝ። እኔ ደግሞ በየሁለት ቀኑ እየሄድኩ በር ላይ ተቀመጥኩ። ሲያባርሩኝ ቆይተው በመጨረሻ ውሃ አምጪ፣ ይህን ያዢ ማለት ጀመሩ። ስለዚህ እንዴት እንደተሠራ አይቻለሁ። ሳጥኑ ዋንዛ ነው። አራት ጣውላ፣ በማዕዘኑ ቆሞ እንደ ተጣመመ ካሬ። የፍየሉ ቆዳ አንድ ሌሊት ውሃ ውስጥ ያድራል። ጠዋት እርጥቡን ከፊትም ከኋላም ይለብሳል፤ በጠፍር እየተሳበ ጎኑ ላይ ይሰፋል። ከዚያ ጥላ ሥር ይደርቃል። ፀሐይ ላይ አውጡት ብዬ ነበር፣ ለመቸኮል። «ፀሐይ ቆዳን ያስጮኸዋል እንጂ አያናግረውም» አሉኝ። ያኔ አልገባኝም።

ጭራው የፈረስ ነው፤ እውነተኛ። ብዙ ፀጉር አንድ ላይ ተጠቅልሎ አንድ ክር ይሆናል። «የወንድ ፈረስ ነው፤ የሴቷ ሽንት ስለሚነካው ይበጠሳል» አሉ። ልጃቸው ከኋላ ራሱን እየነቀነቀ ሳቀ። መቃኛው ወይራ ነው። ደጋኑም እንደዚያው በፈረስ ጭራ የተወጠረ ነው። ዕጣን ካልተቀባ ድምፅ የለም። በደረቁ ብትጎትቱት ይንሸራተታል፤ ዕጣኑ ነው ጭራውን ከጭራ የሚያያይዘው። መጀመሪያ ቀን ለቡና የተቀመጠውን የእናቴን ዕጣን ሰርቄ ነው የቀባሁት።

ዋጋው ያኔ 1,800 ብር ነበር። ከስጦታ ሱቁ እጥፍ ማለት ነው። አባቴ ደረሰኝ ጠየቀ። ደረሰኝ የለም።

አሁን የአራት ዓመት ውጤቱን ልንገራችሁ።

የተማርኩበትን ዩኒቨርሲቲ ስም አልጠራም። ሩቅ ነው፤ ከጎንደር አንድ ሙሉ ቀን በአውቶቡስ። የመጀመሪያው ችግር እዚያው አውቶቡስ ላይ ጀመረ። ማሲንቆው መያዣ የለውም። ሠሪው ይሸጣሉ እንጂ አይጠቀልሉም። እናቴ ከማዳበሪያ ከረጢት ሰፋችልኝ፤ ውስጡን ነጠላ አለበሰችው። ረዳቱ «ከላይ ይጫን» አለ። «አይጫንም» አልኩ። «ታዲያ ለእሱም ትኬት ቁረጪ» አለኝ። ጭኔ ላይ ይዤው ሄድኩ። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ማታ ላይ፣ «ልጄ፣ ሕፃኑ አላለቀሰም እኮ፤ ጡት አጠባሽው?» ሲሉኝ አውቶቡሱ በሙሉ ሳቀ።

ሙዚቃ ትምህርት ክፍል ስትገቡ ዋና መሣሪያ ትመርጣላችሁ። የእኔ ማሲንቆ ነው። ፒያኖ ግን ለሁሉም ግዴታ ነው። ኖታ ማንበብ፣ ሶልፌጅ (ኖታን በድምፅ መዘመር)፣ ቲዎሪ፣ ሃርመኒ፣ የጆሮ ልምምድ፣ የሙዚቃ ታሪክ፣ መዘምራን። ለጎረቤቴ ልጅ መጀመሪያ የምነግረው ይህን ነው፤ ማሲንቆ ልትማር ገብተህ ከቀንህ ግማሹን ከባኽ ጋር ታሳልፋለህ። እኔ አልጠላሁትም። ግን ማንም አላስጠነቀቀኝም።

የልምምድ ክፍሉ ሌላ ጦርነት ነው። ፒያኖዎቹ ጥርሳቸው የረገፈ ሽማግሌዎች ናቸው፤ አንዱ ላይ «ፋ» የሚባል ነገር የለም። ክፍል ለመያዝ ጠዋት በ12 ሰዓት መድረስ አለባችሁ። እኔ ዕድለኛ ነበርኩ። ማሲንቆ ዛፍ ሥርም ይጠናል። ፒያኖ ሜጀር የሆኑት ጓደኞቼ በቁልፍ ምክንያት ተኳርፈው አንድ ሴሚስተር ሙሉ ሰላም አልተባባሉም።

ከመሣሪያው ጋር እውነተኛው ፈተና የመጣው ቅኝት ላይ ነው። ክፍል ውስጥ ትዝታ እንዲህ ተጻፈልን፤ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። አምስት ድምፅ። ጥሩ። ፒያኖ ላይ ሲመታ እንደ መዝሙር ጥርት ብሎ ይወጣል። እኔ ማሲንቆ ላይ ስመልሰው አስተማሪዬ «ሚሽ ዝቅ ብላለች» አለኝ። አስተካከልኩ። «አሁን ከፍ አለች» አለኝ። ማሲንቆ አንገቱ ላይ ምልክት የለውም። ጣት ጭራውን ወደ እንጨቱ አይጫነውም፤ በጎን ነው የሚነካው። ድምፁን የሚሠራው ጆሮ ነው። የእኔ ጆሮ ደግሞ ጎንደር ነው ያደገው።

አንቺ ሆዬ የሚባለው ሌላው ቅኝት ላይ ከፒያኖው ጋር ጨርሶ ተጣላን። ወረቀቱ ላይ ያለው ድምፅና ያ የፒያሳው አዝማሪ የሚያወጣው ድምፅ ጎረቤት ናቸው እንጂ አንድ ቤት አይኖሩም። መካከላቸው አንድ ቦታ አለ። ፒያኖ እዚያ ቦታ ቁልፍ የለውም። ማሲንቆዬ ግን አለው። እዚህ ላይ ነው የሠሪው ነገር የገባኝ። ጥላ ሥር የደረቀው ቆዳ ቀስ ብሎ ሲነካም ይመልሳል። የዚያች ጠባብ ቦታ ድምፅ ካልተሰማ እኮ ትክክል ይሁን ስህተት አይታወቅም። በዶርማችን አንድ ልጅ ከፋብሪካ የወጣች የምትመስል፣ ቆዳዋ እንደ ቆርቆሮ የተወጠረ ማሲንቆ ነበረችው። ትጮኻለች። ሁሉንም ድምፅ አንድ ዓይነት አድርጋ ትጮኻለች።

ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትን በመጀመሪያ የመሩት አሸናፊ ከበደ በ1975 እ.ኤ.አ. ስለ አዝማሪ በእንግሊዝኛ የጻፉትን ጥናት አገኘሁ። ኮርስ ላይ አልተሰጠንም፤ አቧራ ጠርጌ ነው ያነበብኩት። በሰፈሬ ሰው የሚንቀውን ሰውዬ አንድ ምሁር ቁጭ ብሎ ገጣሚና ሙዚቀኛ ነው ብሎ ጽፎለታል። ፎቶ ኮፒ አድርጌ ለእናቴ ላክሁላት። እንግሊዝኛ አታነብም። ግን ቡፌው ውስጥ ከሠርጓ ፎቶ ጋር አስቀምጣዋለች።

ሦስተኛ ዓመት ላይ ለጥምቀት ሁለት ጓደኞቼን ይዤ ጎንደር መጣሁ። አንዱ ሠዓሊ፣ አንዷ የቴአትር ተማሪ። ሦስት የኪነ ጥበብ ተማሪ አንድ ቤት ሲያድር ምን እንደሚመስል አትጠይቁኝ። ሠዓሊው በመጀመሪያው ቀን ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብቶ ጠፋ። ጣሪያው ላይ ያሉትን የመላእክት ፊቶች አንገቱ እስኪደነድን ሲያይ ዋለ። ማታ መጥቶ፣ «አንድ ሙሉ ሴሚስተር ስለ ጥላና ብርሃን ተማርን። እነዚህ ፊቶች ጥላ የላቸውም፤ ግን ያዩሃል» አለ። ከዚያ በኋላ ቁስቋም ውሰዱኝ፣ ፋሲል መዋኛ ውሰዱኝ ሲል ሰነበተ። እሱን እዚህ ላይ ልተወው።

የቴአትር ተማሪዋ ግን ለዚህ ጽሑፍ ታስፈልገኛለች። በዚያ ሴሚስተር ያለ ጽሑፍ ትወና የሚባል ኮርስ ይዛ ትሰቃይ ነበር። ርዕስ ይሰጥሻል፣ መድረክ ላይ ትወጫለሽ፣ ከራስሽ ትፈጥሪያለሽ። ማታ ፒያሳ፣ ያ ሠሪውን የጠቆመኝ አዝማሪ የሚጫወትበት ቤት ወሰድኳት። ማሲንቆዬንም ይዤ ነበር፤ ቆዳው እንዴት እንደሆነ ላሳየው። ሰውዬው አስታወሰኝ። «ዩኒቨርሲቲዋ መጣች!» ብሎ ለቤቱ አስተዋወቀኝ። ማሲንቆዬን ተቀብሎ አየ፣ መታ፣ መልሶ ሰጠኝና አጠገቡ አስቀመጠኝ። አንድ ትዝታ አብረን ሄድን። እኔ እንደተማርኩት፣ ልክ በልክ።

ከጥግ የተቀመጡ ነጠላ ያጣፉ ሰው እጃቸውን አነሱ።

«ተቀበል!»

«ልቀበል!»

«ሦስት ዓመት ሙሉ ማሲንቆ ተምረሽ፣
እኛም ቆጥረን አየን አልጨመረም ጭራሽ።»

ቤቱ ፈረሰ። አዝማሪው በሳቅ መሐል ደግሞ ደግሞ መለሰው፤ በየድግግሙ «ጭራሽ» ላይ ሲደርስ ደጋኑን ወደ እኔ ማሲንቆ ይቀስራል። አንዲት ጭራ። እንደሄድኩ፣ እንደዚያው። ጓደኛዬ መጀመሪያ የሳቀችው ሰው ስለሳቀ ነው። ግማሽ ደቂቃ ቆይታ ወርቁ ሲገባት ጮኸች። ሰውየው አሥር ሰከንድ እንኳ አላሰቡም። አዝማሪው ደግሞ በሦስተኛው ዙር የራሱን ስንኝ ቀጥሎበት ለእኔ ተሟገተልኝ። ምን እንዳለ አልጽፈውም፤ ወንድሜ ይህን ያነባል።

ስንመለስ መንገድ ላይ ዝም አለች። ከዚያ፣ «ስሚ፣ እኛ ለዚህ ነገር የሦስት ክሬዲት ኮርስ እንከፍልበታለን። እዚህ በአንድ ጠርሙስ ቢራ ይሰጣል» አለችኝ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ትምህርት ቤት ስሙን የወሰደው ከባለቅኔውና ጸሐፌ ተውኔቱ ዮፍታሔ ንጉሤ ነው። ዮፍታሔ ደግሞ ከጎጃም ቅኔ ቤት የወጡ ሰው ናቸው። ይህን እኔው አስታወስኳት። ኮርሱ ላይ የተማረችው እሷ ሆና ሳለ በጨለማው ውስጥ አስተማሪ ሆንኩባት። ለማንኛውም ያን ኮርስ ኤ አመጣች። ያንን ቤት መድረክ ላይ አወጣችው።

ከዚያ ምሽት በኋላ ዲግሪው ለምን እንደሆነ ተገለጠልኝ። ያን አዝማሪ መብለጥ አልችልም። እሱ ከአባቱ ጭን ላይ ነው የጀመረው። እኔ ግን መጻፍ እችላለሁ። አራተኛ ዓመት ላይ ከእሱ ሦስት አሮጌ ዜማዎች ቀድቼ ወደ ኖታ ለወጥኩ። አንድ ደቂቃ የምትሆነውን ዜማ ለመጻፍ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ከላይ ያልኳችሁ ያች ቁልፍ የሌላት ቦታ የኖታው አምስት መስመር ላይ አትገባም። አስተማሪዬን ስጠይቀው፣ «አትገባም ካልሽ ምልክት አውጪላት» አለኝ። ደግሞ አላፈረም፤ ዜማ በምልክት የተጻፈው እኮ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ቁጭ ብለው ሠርተውት ነው አለኝ። ይዘት፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ርክርክ የሚባሉትን ምልክቶች ማለቱ ነው።

ይቺን ሲነግረኝ ተናደድኩ። በእሱ አይደለም። ከቤታችን በእግር ሩቅ ባልሆነው በአታ ቤተ ክርስቲያን፣ የአቋቋም (በከበሮና በጸናጽል የሚዜመው የቤተ ክርስቲያን ዜማ) ተማሪዎች ሌሊት ሲያዜሙ ሰምቼ ነው ያደግኩት። ጎንደር በአታ የአቋቋም ማስመስከሪያ ነው፤ ከየአገሩ ይመጣሉ። የሙዚቃ ታሪክ ኮርሳችን ላይ ግን ቅዱስ ያሬድና ሦስቱ የዜማ ዓይነቶቹ፣ ግዕዝ፣ ዕዝል፣ አራራይ፣ ሁለት ክፍለ ጊዜ ነው የተሰጣቸው። ሁለት! የአውሮፓው ሃይደን አራት አግኝቷል። የጎረቤቴ ልጅ ይህን ይወቅ። ከመሄዱ በፊት አንድ ወር በአታ ደጅ ሄዶ ይቁም፤ ዩኒቨርሲቲው አይሰጠውም።

አሁን የማሲንቆውን ጉድለት።

ክረምት ጠላቱ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ቆዳው ይላላል፣ ድምፁ ይሰጥማል። መፍትሔው ከመጫወት በፊት ከሰል አጠገብ ማሞቅ ነው። አጠገብ አልኩ። ሁለተኛ ዓመት ላይ ፈተና ደርሶብኝ በተከለከለ የኤሌክትሪክ ምድጃ ዶርም ውስጥ አሞቅኩት። ተጠግቼ። ቆዳው ጧ ብሎ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተሰነጠቀ። የዶርም ጓደኞቼ መብራት የፈነዳ መስሏቸው ነበር። ለእረፍት ስመለስ ሠሪው አዩትና ምንም አልተናገሩም። 400 ብር ተቀበሉኝ፣ አዲስ ቆዳ አለበሱት። ስወጣ ግን «ዩኒቨርሲቲ እሳት አያስተምርም እንዴ?» አሉኝ። ከሽያጭ በኋላ ያለው አገልግሎት ይኼ ነው፤ ጥገና ከነምርቃቱ።

መቃኛው ወፍራም ነው። ለሴት እጅ ይከብዳል። ነግሬያቸዋለሁ፣ «እጅሽ ይለምዳል» ብለዋል። እውነት ነው፣ ለምዷል። ግን ነጥብ እቀንሳለሁ።

ከባንድ ጋር አይሰማም። ለምርቃት ሪሲታላችን (የመመረቂያ ኮንሰርታችን) ከሳክስፎንና ከኪቦርድ ጋር ተቀላቅዬ ስጫወት ከፊት የተቀመጠችው እናቴ እንኳ አልሰማችኝም። ትንሽ ማይክ በፕላስተር ሳጥኑ ላይ ለጠፍን። ከዚያ ደግሞ ትንፋሼም አብሮ ወጣ። ይህ የሠሪው ጥፋት አይደለም፤ ማሲንቆ ለጠባብ ቤት የተፈጠረ ነው። አዳራሽ ያሰበ ሰው ማይኩን ቀድሞ ያስብ።

የቀረው ሁሉ ደህና ነው። ሳጥኑ አልተላቀቀም። ወይራው ወዲህም ወዲያም አላለም። ጭራውን በአራት ዓመት ሦስት ጊዜ ነው የቀየርኩት። ድምፁ ከገዛሁት ቀን ይልቅ ዛሬ ይበልጣል፤ ጥቁር ብሏል፣ ጠርዙ ተላጧል፣ የዚያ ሽማግሌ አስተማሪ ማሲንቆ መምሰል ጀምሯል። ከአምስት አራት ተኩል። የቀነስኳት ግማሽ ለመቃኛው ናት።

ትምህርቱንስ? እሱን ከአምስት ሦስት ተኩል ልበለው። ኖታ፣ ጆሮና ጓደኛ ሰጥቶኛል። ሥራ አልሰጠኝም። አሁን ቅዳሜና እሁድ ስምንት ልጆች አስተምራለሁ፤ ሦስቱ የሐኪም ልጆች ናቸው። ሰርግም እሄዳለሁ። አዎ፣ ግንባሬ ላይ ብር ይለጠፋል። እናቴ ቆጥራ ነው የምትቀበለኝ።

ትናንት ልጁን ይዤው ሠሪው ጋ ሄድኩ። እናቱም መጣች፣ ዋጋ ልትከራከር። «እጅህን ዘርጋ» አሉት። በስንዝር ለኩት። ዛሬ ዋጋው 4,500 ብር ደርሷል። እናቱ 4,000 አደረሰቻቸው፤ እኔ ያልቻልኩትን። ሦስት ሳምንት ጠብቁ ተባልን። መሄድ የምትፈልጉ ጠዋት ሂዱ፤ ከሰዓት በኋላ ይተኛሉ። ማክሰኞ ቆዳ ስለሚነከር ሽታው አይቻልም። ዕጣን ደግሞ ከእሳቸው አትግዙ፤ ገበያው ላይ በግማሽ ዋጋ ታገኙታላችሁ።